ማንም ሳይነካው የሚቆም ባቡር፦ የኦፕንቲቲዲ የብልሽት ስሌት ምን ያህል እውነተኛ መዘግየትን ይመስላል?

ጎን ለጎን በተዘረጉ ሁለት ሐዲዶች ላይ፣ በአንደኛው አቅጣጫ ስምንት ባቡሮች ተከታትለው ወደ አንድ ትልቅ ጣቢያ እየቀረቡ ነው። ሦስተኛው ባቡር ከጣቢያው መግቢያ ላይ፣ ሐዲዱ ወደየመድረኮቹ ከሚከፋፈልበት መቀየሪያ እንደ ደረሰ፣ በድንገት ቀጥ ይላል። የብረት መንኮታኮት ድምፅ ይሰማል፣ ከሎኮሞቲቩ አናት ጭስ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ በመረጃ መስኮቱም ላይ መበላሸቱን የሚናገር ጽሑፍ ይወጣል። አራተኛው ባቡር ቀይ ምልክት ይዞት ይቆማል፤ አምስተኛው ከእሱ ኋላ፣ ስድስተኛው ከአምስተኛው ኋላ እያለ ሰልፉ ይረዝማል። ጥቂት ቆይቶ ጭሱ ይጠፋል፣ ባቡሩም ማንም ሳይነካው ጉዞውን ይቀጥላል፤ ከኋላው የተኮለኮለው ሰልፍ ግን በዚያው ፍጥነት አይፈታም።

ኦፕንቲቲዲ የተባለውን የትራንስፖርት ማስመሰያ ጨዋታ የተጫወተ ሰው ይህን ትዕይንት በደንብ ያውቀዋል። የጨዋታው መሠረት ስኮትላንዳዊው ክሪስ ሶየር ሠርቶት ማይክሮፕሮዝ በ1994 ለገበያ ያቀረበው ትራንስፖርት ታይኩን እና በ1995 የተከተለው የተሻሻለ እትሙ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሉድቪግ ስትሪጌውስ የተባለ ስዊድናዊ ፕሮግራመር ያንን ጨዋታ ከውስጥ ፈትቶ አሠራሩን ካጠና በኋላ እንደገና ጽፎ በ2004 ለቀቀው፤ ከዚያ ወዲህ በበጎ ፈቃደኞች እጅ እያደገ መጥቷል። ክፍያ የማይጠየቅበት እና ባረጀ ላፕቶፕ ላይም ሳያንገራግር የሚሠራ በመሆኑ፣ ውድ ኮምፒውተር የሌለው ሰው የባቡር መረብ ምን እንደሆነ በእጁ ሠርቶ የሚማርበት ጨዋታ ሆኖ ቆይቷል።

በጨዋታው ቅንብር ውስጥ የተሽከርካሪ ብልሽትን የሚወስን አንድ አማራጭ አለ፤ «የለም»፣ «የተቀነሰ» እና «መደበኛ» የሚሉ ሦስት ደረጃዎች ያሉት ነው። ትልልቅ መረቦችን የሚገነቡ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ «የለም» የሚለውን ይመርጣሉ፤ ምክንያታቸውም በወጉ የታሰበበትን መስመር ያልታሰበ ዕጣ ሲያፈርሰው ማየት ጨዋታ ሳይሆን ንዴት ነው የሚል ነው። የሚቃወሟቸው ደግሞ መዘግየት የሌለበት ባቡር በየትኛውም አገር የለም፤ ብልሽቱን ያጠፋ ሰው እውነታውን አብሮ አጥፍቷል ይላሉ። እኔ እንደማየው ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩበትን ነገር ስም አሳስተዋል። ጨዋታው የሚያስመስለው ብልሽትን ሲሆን፣ መዘግየት ግን ከብልሽት የተለየ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያግዘናል። ከመገናኛ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው «ዛሬ ታክሲው ቆየ» ይላል፤ ብዙ ጠበቅሁ ማለቱ ነው፤ ታክሲው በዚህ ደቂቃ እደርሳለሁ ብሎ ቃል ስላልገባ ማንም ሰዓት አላለፈም ብሎ ሊወቅሰው አይችልም። «ዘገየ» የምንለው ግን መድረስ የነበረበት ሰዓት ሲኖርና ያ ሰዓት ሲያልፍ ነው። ስለዚህ መዘግየት በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ርቀት ነው፤ በጊዜ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው እና በሐዲዱ ላይ የሆነው። ሁለተኛው ብቻ ባለበት፣ ባቡር ይቆያል እንጂ አይዘገይም። የኦፕንቲቲዲን ብልሽት ስንመዝን ይህን ልዩነት በእጃችን ይዘን መሄድ ይኖርብናል።

የስሌቱ ውስጠኛ አሠራር

የጨዋታው ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ የብልሽቱን ስሌት መገመት አያስፈልግም፤ ማንበብ ይቻላል። እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ በመቶኛ የሚነገር የአስተማማኝነት መጠን አለው። ይህ መጠን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ይቀንሳል፤ ባቡሩ ለጥገና ዲፖ ሲገባ ሞዴሉ በወቅቱ ወዳለው መጠን ይመለሳል። ቅንብሩ ካልተነካ በሁለት ጥገናዎች መካከል ያለው ጊዜ 150 ቀን ነው። ከዚህ ሌላ ተጫዋቹ የማያየው አንድ ቆጣሪ አለ። ባቡሩ እየተጓዘ በዋለ ቁጥር ቆጣሪው በ1 ይጨምራል፤ በተጨማሪም በየቀኑ ከ25 አንድ በሆነ ዕድል በአንድ ጊዜ 25 ይዘላል። ቆጣሪው ከአንድ ገደብ ሲደርስ ባቡሩ ይበላሻል፣ ቆጣሪውም ወደ ዜሮ ይመለሳል።

ገደቡን የሚወስነው አስተማማኝነቱ ነው፤ ጨዋታው 64 ቁጥሮች ካሉት ሠንጠረዥ ያነበዋል። አስተማማኝነቱ 75 በመቶ ለሆነ ባቡር ገደቡ 72 ነው። ወደ 50 በመቶ ሲወርድ ገደቡ በአንዴ 17 ይሆናል። እንግዲህ እናስላው፦ በየቀኑ የሚጨመረው 1 እና ከ25 ቀን አንዴ የሚመጣው 25 ሲደመሩ፣ ቆጣሪው በአማካይ በቀን 2 ይጨምራል ማለት ነው፤ ስለዚህ 75 በመቶ ላይ ያለው ባቡር በአማካይ ወር ከሳምንት ገደማ ሳይበላሽ ይሄዳል። 50 በመቶ ላይ ያለው ግን ዝላይዋ ባትደርስበት እንኳ በ17 የጉዞ ቀናት ውስጥ መቆሙ አይቀርም፤ ዝላይዋ ከደረሰችበት ደግሞ በዚያው ቀን ይቆማል። «የተቀነሰ» የሚለው ደረጃ የሚያደርገው ነገር ቢኖር፣ ለዚህ ንጽጽር ሲባል ብቻ በአስተማማኝነቱ ላይ 40 ነጥብ መጨመር ነው፤ 75 የነበረው፣ ከ100 ማለፍ ስለማይቻል፣ እንደ 100 ይቆጠራል፣ ገደቡም ወደ 250 ይወጣል።

ሎኮሞቲቩ የተመደበለትን ዕድሜ ሲጨርስ አስተማማኝነቱ የሚቀንስበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፤ ከዚያም በተከታዮቹ ዓመታት እንደገና እየታጠፈ ይሄዳል። አሮጌ ባቡሮቻቸውን ያልለወጡ ተጫዋቾች መረባቸው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደሚሽመደመድ የሚገረሙት ከዚህ የተነሳ ነው። አዲስ የወጣ ሞዴልም ከመጀመሪያው ጀምሮ ምርጥ አይሆንም፤ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ከጊዜ ጋር ይሻሻላል፣ ሞዴሉ ሲያረጅ ደግሞ ይወርዳል። ይህ ሶየር በ1994 ያሰበው ነገር መሆኑ ያስደንቀኛል፤ አዲስ ባቡር ገዝተው ስሙን እያወደሱ ያስገቡ የባቡር ድርጅቶች በመጀመሪያዎቹ ወራት በሮቹ አልዘጋ፣ ኮምፒውተሩ አልታዘዝ እያላቸው ሲቸገሩ የታየው በብዙ አገር ነውና።

ነገር ግን ይህን ስሌት በጥንቃቄ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል፤ ያልተጠበቀ የሚባለው ብልሽት በእርግጥ ብዙ የማይጠበቅ አይደለም። ዕጣ የሚጣልባት ብቸኛ ነገር ያቺ ከ25 አንድ የምትሆነው ዝላይ ናት፤ የቀረው በቀን መቁጠሪያ የሚሄድ ነው። ዲፖ የገባ ባቡር አስተማማኝነቱ ከመታደሱም በላይ የተደበቀው ቆጣሪ ወደ ሩቡ ይወርድለታል፤ ከዲፖ እንደወጣ ወዲያው እንዳይበላሽ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ስለዚህ በየመስመሩ ዳር ዲፖ የሠራ፣ በየጉዞው የጥገና ትእዛዝ ያስገባ ተጫዋች ብልሽትን ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል። በምትኩ የሚከፍለው ዋጋ ባቡሩ ከዋናው ሐዲድ ወጥቶ ዲፖ ገብቶ ተመልሶ እስኪቀላቀል የሚያልፈው ጊዜ ነው፤ ያ ደግሞ በየጊዜው የሚደጋገም፣ ሊሰላ የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ ስለ ድንገተኛ መዘግየት ከሚያስተምረው ይልቅ ስለ ጥገና ዲሲፕሊን የሚያስተምረው ይበልጣል፤ እንደ ጥገና ትምህርት ከወሰድነው በእውነት ጥሩ ነው።

በእውነተኛው ሐዲድ ላይ

እውነተኛ መዘግየት እንዴት እንደሚጠና ለማየት ብሪታንያ ጥሩ ምሳሌ ናት። እዚያ 3 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሆነ መዘግየት ሁሉ ምክንያቱ ተፈልጎ በፊደል ኮድ ይመዘገባል፤ ጥፋቱ የሐዲዱ ባለቤት ነው ወይስ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት የሚለው ገንዘብ የሚያስከፍል ጥያቄ ስለሆነ ጉዳዩን የሚያጣሩ ባለሙያዎች በሁለቱም ወገን አሉ። በዝርዝሩ ውስጥ የሎኮሞቲቭ ብልሽት አለ፤ ከጎኑ ግን የምልክት ብልሽት፣ አልንቀሳቀስ ያለ መቀየሪያ፣ የተሰረቀ የመዳብ ገመድ፣ በበልግ ሐዲዱ ላይ ረግፎ ጎማውን የሚያንሸራትት ቅጠል፣ ሐዲድ ውስጥ የገባ ሰው፣ በሰዓቱ ያልደረሰ ነጂ፣ ታሞ የወደቀ ተሳፋሪ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አጥኚዎቹ አንድ ትልቅ ክፍፍል ያደርጋሉ፤ በራሱ ምክንያት የዘገየ ባቡር እና የሌላውን መዘግየት የወረሰ ባቡር። ሥራ በሚበዛበት መረብ ላይ የተወረሰው ከመነሻው ይበልጣል።

ከዚህ ጎን ጨዋታውን ስናስቀምጠው ጉድለቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በኦፕንቲቲዲ ሐዲድ አይሰበርም፣ ምልክት አይበላሽም፣ መቀየሪያ አይነክስም። የሚበላሸው ባቡር ብቻ ነው፤ ከባቡሩም የፊተኛው ሎኮሞቲቭ ብቻ፤ ስለዚህ ሁለት ሎኮሞቲቭ የተቀጠለበት ባቡር አንድ ብቻ ካለው ባቡር የተሻለ ዋስትና የለውም። ይባስ ብሎ የቆመ ባቡር አይበላሽም፤ ስሌቱ ፍጥነቱ ዜሮ የሆነውን ባቡር ይዘለዋል። ይህች ትንሽ የምትመስል መስመር ብዙ ትሸፍናለች፤ በእውነተኛው ዓለም ትንንሾቹ መዘግየቶች በአብዛኛው የሚፀነሱት በመድረክ ላይ ነውና፤ በር ሲዘጋ ሮጦ እግሩን ያስገባ ሰው፣ ሻንጣዋን ለማውረድ እገዛ የምትፈልግ እናት፣ ከወትሮው በላይ የበዛ ሰልፍ። እነዚህ ሠላሳ ሠላሳ ሴኮንዶች በአምስት ጣቢያ ሲደመሩ ባቡሩ መጋጠሚያው ላይ ተራውን ያጣል። በጨዋታው የመጫኛው ጊዜ ከጭነቱ ብዛት ጋር ይረዝማል እንጂ ከሰው ጠባይ ጋር አይለዋወጥም።

ሌላው ልዩነት የመዘግየቱ ርዝመት ነው። ጨዋታው ለተበላሸው ባቡር የሚመድበው የቆይታ ጊዜ በሁለት ቁጥሮች መካከል በእኩል ዕድል የሚወድቅ ነው፤ ረጅሙ ከአጭሩ እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ማንም ባቡር ለአንድ አፍታ ብቻ ተደናቅፎ አይሄድም፤ ማንም ባቡር ደግሞ ቀኑን ሙሉ መስመሩን ዘግቶ አይውልም። ኪት ብሪግስ እና ክርስቲያን ቤክ በ2007 ባሳተሙት ጥናት የብሪታንያን የባቡር መዘግየቶች መዝግበው ሲያዩ ያገኙት ከዚህ በጣም የተለየ ቅርጽ ነው። እጅግ ብዙ ጥቃቅን መዘግየቶች አሉ፤ ርዝመቱ እየጨመረ ሲሄድ ቁጥራቸው በፍጥነት ይቀንሳል፤ ነገር ግን ተራ የዕድል ስሌት ከሚጠብቀው በላይ በጣም ረጃጅም መዘግየቶች ይገኛሉ። የሰጡት ማብራሪያ ለጨዋታ ሠሪዎች ትልቅ ትምህርት ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ የመዘግየቱ ዕድል ራሱ ከጊዜ ጊዜ ይለዋወጣል። ቀላል ቀን አለ፣ ክፉ ቀን አለ፤ በረዶ የጣለበት ጠዋት እና የረጋ የበጋ ከሰዓት በአንድ ዳይስ አይጫወቱም።

ይህ ነጥብ ጥቂት እንድንቆይበት ያስገድዳል። በጨዋታው እያንዳንዱ ባቡር የየራሱን ዕጣ ለብቻው ይጥላል። አንዱ በመቆሙ ሌላው የመቆም ዕድሉ አይጨምርም፣ ዛሬ ከትናንት አይከፋም። እውነተኛ መዘግየት ግን በቡድን ይመጣል። ማዕበል የአንድን አካባቢ የኤሌክትሪክ መስመር ሲጥል አሥሩም ባቡር በአንድ ሰዓት ይቆማል፤ ከዚያ የነጂዎቹ የሥራ ሰዓት ይሞላል፣ ከሰዓት መነሣት የነበረበት ባቡር የተሳሳተ ከተማ ላይ አድሯል፣ የነገው ጠዋት ሰሌዳ ከወዲሁ ተበላሽቷል። የጨዋታው ዕጣ በየዕለቱ በቁንጥር የሚበተን በመሆኑ መረቡ ሁልጊዜ ጥቂት የታመመ ይሆናል፤ ጨርሶ ጤነኛ ወይም ጨርሶ የወደቀ ሆኖ አይታይም። የባቡር ተቆጣጣሪ የሚሠራበት ዓለም የሁለቱ መፈራረቅ ነው።

የጊዜው ልክም አለ። በኦፕንቲቲዲ አንድ ቀን በእኛ ሰዓት 2 ሴኮንድ ያህል ነው፤ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የሚሄድ ባቡር ሳምንታት ይፈጅበታል፣ አንድ ብልሽትም በቀናት ይለካል። ለዓመታት ይህ ቀልድ ሆኖ ቆየ፤ ደቂቃ በሌለበት ዓለም የደቂቃ መዘግየት ማውራት አይቻልም። በ2024 የወጣው 14ኛው እትም የኢኮኖሚውን ጊዜ ከቀን መቁጠሪያው መለየት የሚያስችል አማራጭ ስላመጣ አሁን የጊዜ ሰሌዳን በሴኮንድ መጻፍ ይቻላል። ለዚህ ጉዳይ ሲባል ይህ ብዙ ተጫዋቾች ከገመቱት በላይ ትልቅ ለውጥ ነው።

ትርፍ ደቂቃ

እስከ አሁን ጨዋታውን ወቀስሁ፤ አሁን ግን አብዛኛው ተጫዋች ስሕተት ነው የሚለውን፣ እኔ ግን የጨዋታው እጅግ እውነተኛው ክፍል ነው የምለውን ነገር ላንሣ። ይህም ከተበላሸው ባቡር ኋላ የሚሆነው ነው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንየው። በአንድ መስመር ላይ ባቡር በየ5 ደቂቃው ይመጣል እንበል፤ ምልክቶቹ ደግሞ ሁለት ባቡሮች ቢያንስ በ3 ደቂቃ እንዲራራቁ ያስገድዳሉ። አንዱ ባቡር መጋጠሚያው ላይ 10 ደቂቃ ይቆማል። እሱ ሲለቅ ቀጣዩ 3 ደቂቃ ጠብቆ ያልፋል፤ ማለፍ የነበረበት በ5ኛው ደቂቃ ነበር፣ ያለፈው በ13ኛው ነው፤ 8 ደቂቃ ዘገየ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው 6 ደቂቃ፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 2 ይዘገያሉ፤ የሚቀጥለው ባቡር ግን በሰዓቱ ያልፋል። ድምሩ 30 ደቂቃ ነው፤ ከዚህ ውስጥ የብልሽቱ ራሱ 10 ብቻ ሲሆን 20ው የተወረሰ ነው። አሁን ባቡሮቹን በየ4 ደቂቃው እናምጣቸው። በእያንዳንዱ ባቡር መካከል ያለው ትርፍ ከ2 ወደ 1 ደቂቃ ስለወረደ መዘግየቱ 10፣ 9፣ 8 እያለ ይወርዳል፤ ድምሩ 55 ደቂቃ ይሆናል። በየ3 ደቂቃው ካመጣናቸው ደግሞ መዘግየቱ አይወርድም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ባቡር ሁሉ እስከ ማታ 10 ደቂቃ እንደዘገየ ይውላል።

የኦፕንቲቲዲ ተጫዋች በተፈጥሮው የሚሠራው ይህን ሦስተኛውን መስመር ነው። ገንዘብ እስካለው ድረስ ባቡር ይጨምራል፤ ምልክቶቹ የሚፈቅዱት ባዶ ቦታ እስኪያልቅ ድረስ ሐዲዱን ይሞላዋል፤ ባቡር ከባቡር አፍንጫ ለጅራት ሲጓዝ ማየት ውበት አለው፣ ገቢውም ጥሩ ነው። ከዚያ ብልሽቱን ሲያበራ አንድ ባቡር ከግማሽ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ በመቆሙ መረቡ በሙሉ ይታነቃል፤ ተጫዋቹም ዳይሱን ይረግማል። ዳይሱ ግን በዚህ ንጹሕ ነው። መስመሩ ትርፍ ጊዜ ስላልተወለት ነው ድንጋጤውን መዋጥ ያቃተው። የእውነተኛ የባቡር መሐንዲሶች ከሹማምንት ጋር ሲከራከሩ የሚኖሩበት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ብዙ ባቡር በማስኬድ እና በሰዓት በማስኬድ መካከል ያለው መሳሳብ። የብልሽቱን አማራጭ ያጠፋ ተጫዋች ከዕጣ አመለጥሁ ይበል እንጂ ያመለጠው ከዚህ ምርጫ ነው።

ቦታውም እንደ ርዝመቱ ሁሉ ወሳኝ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለዚህ ግልጽ ሥዕል ይሰጣል፤ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው አረንጓዴ መስመር እና ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚሄደው ሰማያዊ መስመር ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ርቀት አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። አያት አካባቢ የሚቆም ባቡር የአረንጓዴውን መስመር ሰው ብቻ ያስቸግራል፤ ሜክሲኮ ላይ የሚቆም ባቡር ግን ስለ አረንጓዴው መስመር ምንም የማያውቀውን የቃሊቲ ተሳፋሪም ያስቆመዋል። በኦፕንቲቲዲም ይኸው ነው። ተመሳሳይ ብልሽት በገጠሩ ቀጥ ያለ ሐዲድ ላይ ሲሆን የሚዘገየው አንድ ሰልፍ ነው፤ አራት መስመር በሚገናኝበት ጉሮሮ ላይ ሲሆን ከአራቱም አቅጣጫ ሰልፍ ይጎትታል። በ2009 ገደማ የገቡት፣ ለባቡሩ መንገዱን አስቀድመው የሚይዙት ምልክቶች መጋጠሚያን በደንብ ለመጠቀም ቢረዱም፣ ባቡሩ በያዘው መንገድ መካከል ከቆመ ማንም ሊያልፈው አይችልም። ጨዋታው ይህን አላስተማረም ልንል አንችልም፤ አስተምሯል፣ ሳይናገር።

የጎደለው ቃል ኪዳን

ወደ «ቆየ» እና «ዘገየ» እንመለስ። ኦፕንቲቲዲ ለአንድ ጉዞ የሚከፍለው ጭነቱ በመንገድ ላይ በፈጀው ጊዜ ልክ ነው፤ ፈጣኑ ብዙ ያገኛል፣ ቀርፋፋው ጥቂት። የጣቢያው ደረጃም ባቡር ከመጣ ስንት ቀን ሆነው፣ ምን ያህል ጭነት ተከማችቷል፣ ተሽከርካሪው ምን ያህል ይፈጥናል በሚሉ ነገሮች ይወሰናል። ጨዋታው የጊዜ ሰሌዳ አለው፤ ባቡሩ ከሰሌዳው ስንት እንደዘገየ ይቆጥራል፣ የዘገየ ባቡርም ጣቢያ ላይ የሚቆምበትን ጊዜ አሳጥሮ ለማካካስ ይሞክራል፤ ይህ እውነተኛው ባቡር የሚያደርገውን በትክክል የሚመስል ነው። ነገር ግን በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ተጫዋቹን እንጂ ተሳፋሪውን አይመለከትም። ተሳፋሪው ሰዓት አልተነገረውም፤ ስለዚህ አይናደድም፣ ሌላ ባቡር አያመልጠውም፣ ገንዘቤን መልሱ አይልም።

በእውነተኛው ዓለም ቃል ኪዳኑ ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ የሁለት አገሮችን ቁጥር ማየት ይበቃል። የጀርመን ባቡር ድርጅት በሰዓቱ ደረሰ የሚለው ከ6 ደቂቃ በታች የዘገየውን ነው፤ በዚህ መለኪያ በ2024 የረጅም ርቀት ባቡሮቹ በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶ ነበር፤ ጨርሶ የተሰረዘ ባቡር ደግሞ በሒሳቡ ውስጥ አይገባም። ስዊዘርላንድ መለኪያዋን 3 ደቂቃ አድርጋ በዚያው ዓመት 93.2 በመቶ አስመዝግባለች። የስዊዘርላንዱ መረብ በትልልቆቹ ጣቢያዎች ባቡሮቹ በአንድ ሰዓት ተገናኝተው ተሳፋሪ እንዲለዋወጡ ሆኖ የታቀደ በመሆኑ አንድ የዘገየ ባቡር ሌላውን ጠብቁኝ ይላል፤ ይጠበቅ ወይስ ይሂድ የሚለው ውሳኔ ራሱ አንድ ሙያ ነው። በኦፕንቲቲዲ ተሳፋሪዎች መድረሻቸውን መርጠው ከባቡር ባቡር እየተቀየሩ እንዲሄዱ ማድረግ ይቻላል፤ ባቡሮቹ ግን እርስ በርስ አይጠባበቁም።

ይህን ጉድለት የሚሞላ ሥራ በሌላ ቦታ አለ። ሲምሲግ የተባለው የብሪታንያን የምልክት ማዕከላት የሚያስመስለው ጨዋታ ተጫዋቹን ከኩባንያ ባለቤትነት አውርዶ ምልክት ሰጪ ያደርገዋል። ባቡሮቹ አራት ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ለብሰው በሰሌዳቸው መሠረት ይመጣሉ፣ ዘግይተው ከመጡ ያ ዘግይቶ መምጣት የተጫዋቹ ችግር ይሆናል፤ በፍጥነት የሚሄደውን ላሳልፍ ወይስ በየጣቢያው የሚቆመውን፣ ጭነቱን ዳር ላስይዘው ወይስ ልልቀቀው። በዚያ ጨዋታ መዘግየቱን ማጥፋት ጨዋታውን ማጥፋት ነው። ሐዲድ መሥራት፣ ባቡር መግዛት ግን በእሱ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ መጋጠሚያው በክፉ ቦታ በመሠራቱ የሚመጣውን መዘዝ ተጫዋቹ ከሌላ ሰው ይወርሳል እንጂ ራሱ አይፈጥርም። በራስ እጅ የሠሩትን ስሕተት በራስ ሰልፍ ማየት የኦፕንቲቲዲ ብልጫ ነው።

ለኦፕንቲቲዲ ራሱ ጄጂአር በሚል ስም የሚታወቀው የማሻሻያ ጥቅል የብልሽቱን ሥርዓት ከብዙ ሌሎች ነገሮች ጋር አሻሽሎታል። በእሱ ብልሽት ሁልጊዜ ሙሉ መቆም አይሆንም፤ ባቡሩ ኃይሉ ቀንሶ ወይም ፍጥነቱ ተገድቦ ሊቀጥል ይችላል። ወደ እውነታው ይበልጥ የሚቀርበው ይህ ነው፤ ብዙ እውነተኛ ብልሽቶች ባቡሩን ያንፏቅቁታል እንጂ አያስቆሙትም። የሚንፏቀቅ ባቡር ደግሞ ከቆመ ባቡር ይልቅ ለተቆጣጣሪው ከባድ ነው፤ የቆመው የት እንዳለ ይታወቃል፣ የሚንፏቀቀው ግን ከጣቢያ ጣቢያ መዘግየቱን ይዞ ይሄዳል። ከዚህ ቀጥሎ ለእኔ የሚጎድለኝ አንድ ነገር ነው፤ ለሁሉም ባቡር የጋራ የሆነ፣ በየወቅቱ ከፍ ዝቅ የሚል አንድ ቁጥር፣ የእያንዳንዱን ባቡር ገደብ በአንድነት የሚገፋ። ብሪግስ እና ቤክ በእውነተኛው መረብ ያዩትን ክፉ ቀን ወደ ጨዋታው የሚያመጣው ይህ ብቻ ነው፤ ከስሌት አንጻርም አስቸጋሪ አይደለም።

እስከዚያው ድረስ ግን የጽሑፉ መነሻ በሆነው መስመር ላይ ማንም ሊሞክረው የሚችል ነገር አለ። ብልሽቱን «የተቀነሰ» ላይ ማድረግ፣ በጣቢያው መግቢያ ፊት አንድ የጎን ሐዲድ መጨመር፣ ባቡሮቹን በጊዜ ሰሌዳ ማራራቅ እና ሐዲዱ ከሚችለው በታች ማስኬድ። ገቢው ይቀንሳል፤ ባዶ የሐዲድ ቁራጭ በባቡሮቹ መካከል ሲታይ መጀመሪያ ላይ ብክነት ይመስላል። ከዚያ አንድ ቀን ሦስተኛው ባቡር መቀየሪያው ላይ ይቆማል፣ ጭሱ ቡልቅ ይላል፣ አራተኛው ቀይ ምልክት ይይዘዋል። ጭሱ ከጠፋ በኋላ አራተኛው ብዙ፣ አምስተኛው ጥቂት አንሶ፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ከዚያም እያነሱ ዘግይተው ይገባሉ። ስምንተኛው ባቡር ምልክቱን አረንጓዴ ሆኖ ያገኘዋል፤ ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ በሰሌዳው ላይ በተጻፈለት ሰዓት ይገባል።